የልጅ ጥያቄ በእንግሊዝ ራዲዮ፤ ከ1922 እስከ 1964

የአገራችን ሰው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል። በዚህ ሚዛን ከተሄደ የልጅ ሥራ ብቻ ሳይሆን ጥያቄውም ቀላል ሆኖ ይቈጠራል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ግን በእንግሊዝ አገር የልጅ ጥያቄ በራዲዮ አማካይነት ከሊቃውንት ፊት ለመቅረብ የበቃው በምን በምን ደረጃ አልፎ እንደ ሆነ ነው። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቢ.ቢ.ሲ. የተባለው የራዲዮ ድርጅት በ1922 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ «የልጆች ሰዓት» የተባለውም ፕሮግራም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተጀመረ። አቅራቢዎቹ «አጎት» እና «አክስት» ተብለው ይጠሩ ነበር። ይህ የዘመድ አጠራር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሆኖም በመጀመሪያው ዘመን በአብዛኛው አጎት ይናገራል፥ ልጅ ያዳምጣል።

ሁለተኛው ደረጃ በ1930ዎቹ ዓመታት መጣ። ብራምዌል ኢቨንስ የተባለ የሜቶዲስት ቄስ «ሮማኒ» በሚል ስም ውሻውን አስከትሎ፥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በገጠር ሲዘዋወር ይሰማ ነበር። ጓደኞቹ ስለ ወፉና ስለ አውሬው ይጠይቁታል፥ እርሱም ያስረዳል። ነገር ግን ሽርሽሩ የሚካሄደው በስቱዲዮ ውስጥ ነበር፤ ጠያቂዎቹም ልጆች ሳይሆኑ ዐዋቂ ሴቶች ነበሩ። ፕሮግራሙ ብዙ ልጆችን ከተፈጥሮ ጋር እንዳስተዋወቀ አንክድም። ይሁን እንጂ ጥያቄውን የሚያዘጋጀው መልሱን የሚያውቀው ሰው ሲሆን፥ ጥያቄው ከመልሱ አጥር አይወጣም።

ሦስተኛው ደረጃ ለዐዋቂዎች በተዘጋጀ ፕሮግራም ተገኘ። በ1941 ዓ.ም. በተጀመረው «ብሬንስ ትረስት» የሥነ ሕይወት ሊቁ ጁሊያን ሃክስሊና ባልደረቦቹ አድማጮች ለሚልኩት ጥያቄ ይመልሱ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ዝንብ ጣራ ላይ ተገልብጣ የምታርፈው እንዴት ነው?» የሚል ነበር። ጥያቄው የሕፃን ቢመስልም መልሱ ቀላል አልነበረም። በፈጣን ካሜራ ተነሥቶ በ1962 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ ዝንቧ የፊት እግሮቿን ከራሷ በላይ ዘርግታ ጣራውን ከያዘች በኋላ ሰውነቷን እንደምትገለብጥ አሳየ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ዓ.ም. «የተፈጥሮ ፓርላማ» የተባለው ክፍል በ«ልጆች ሰዓት» ውስጥ ተከፈተ። «አጎት ማክ» የሚባለው ዴሪክ መካሎክ ሊቀ መንበር ሆኖ፥ በዚያው ዓመት በስሊምብሪጅ የውሃ ወፎች ጣቢያ ያቋቋመው ፒተር ስኮት፥ የወፎች ሊቁ ጄምስ ፊሸርና ቢራቢሮ አርቢው ሂዩ ኒውማን ልጆች ለላኩት ጥያቄ ይመልሱ ነበር። እንግዲህ የነገሩ ሥርዐት ተገለበጠ ማለት ነው፤ ርእሱን የሚመርጠው ልጁ ሆነ፥ ሊቁም ተከታይ።

«ደብዳቤዎቹን የሚመርጡት ዐዋቂዎች ስለ ሆኑ የልጁ ነጻነት ጐደሎ ነው» የሚል ቢኖር አባባሉን አናስተባብልም። የልጁም ድምፅ ገና በወረቀት ውስጥ ነበር። ቴሌቪዥን አድማጭ እያሳነሰበት ሄዶ «የልጆች ሰዓት» በ1964 ዓ.ም. ተዘጋ። መንገዱ ግን አልተዘጋም። በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ የቬርሞንት ራዲዮ «በት ዋይ» የተባለ ፖድካስት ሲጀምር፥ ልጆች ጥያቄያቸውን በገዛ ድምፃቸው በስልክ ቀድተው መላክ ጀመሩ።

ይህን ታሪክ ስንመረምር በሚሲዮን ትምህርት ቤት የነበርንበት ጊዜ ትዝ አለን። አንድ ጓደኛችን «ስንሄድ ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ወደ ትምህርቱ አለፉ፤ እኛም ሳቅንበት። ጨረቃ ወደ 384,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ በጥቂት እርምጃ አቅጣጫዋ የማይለወጥ መሆኑን የተማርነው ዘግይተን ነው። ያ ልጅ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ በክፍል ውስጥ እጁን ሲያነሣ አላየንም።

ከእኛ ብዙዎቹ ነገ መምህራን ይሆናሉ። ራዲዮ ባይኖረን እንኳ በየሳምንቱ ለልጆች ጥያቄ ብቻ የሚሆን አንድ ሰዓት መለየት አያቅተንም። የማናውቀው ሲመጣ አብረን እንፈልገዋለን፤ የዝንቧም ጥያቄ መልስ ያገኘው ሰው ሳይስቅበት ስለ ፈለገው ነው።