የሳይንስና የሒሳብ ትምህርት በኢትዮጵያ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች

በኢትዮጵያ ካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች (ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል) የሚሰጠው የሳይንስና የሒሳብ ትምህርት የትምህርት ሚኒስቴርን ሥርዓተ ትምህርት የሚከተል ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ የተለየ ፊዚክስ ወይም የተለየ አልጀብራ የለም። ተማሪው የሚፈተነው በመንግሥት ትምህርት ቤት እንደሚማረው ጓደኛው በዚያው አገር አቀፍ ፈተና ነው። ልዩነት ካለ ክፍል ውስጥ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው፤ ይኸውም በቤተ ሙከራ፣ በመምህሩ ዝግጅትና በቋንቋ ድጋፍ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ በነዚህ ትምህርት ቤቶች የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊምና የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጆችም ይማራሉ።

ታሪክ

የካቶሊክ መምህራን በኢትዮጵያ ዘመናዊ የሳይንስ ትምህርት ውስጥ ትልቁን አሻራ ያሳረፉት በራሳቸው ትምህርት ቤት ሳይሆን በመንግሥት ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን እንዲያስተዳድሩ የካናዳ ኢየሱሳውያንን (ጀዝዊቶችን) ጋበዙ። ከነሱ አንዱ ሉሲየን ማት እ.ኤ.አ. በ1950 ለተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሌላው ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዋን በዚያው ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ፤ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የሰበሰበው መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1979 ታትሟል። በቤተ ክርስቲያኒቱ ማኅበራት ከሚተዳደሩት ትምህርት ቤቶች መካከል በዴ ላ ሳል ወንድሞች ሥር ያለው የአዲስ አበባው ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት በሰፊው ይታወቃል።

ሃይማኖትና ሳይንስ በአንድ ክፍል እንዴት ይኖራሉ የሚለው የተማሪዎች የተለመደ ጥያቄ ነው። በባዮሎጂ የዘር ውርስ ሕጎች ባለቤት የሆነው ግሬጎር ሜንዴል መነኩሴ ነበር፤ ኅዋ እየሰፋ መሆኑን ከአንስታይን ቀመሮች በሒሳብ ያወጣው ጆርጅ ሌሜትር ደግሞ ቄስ ነበር። ስለ ዝግመተ ለውጥም ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1996 ንድፈ ሐሳቡ ከመላ ምት በላይ መሆኑን ጽፈዋል።

ቋንቋና ፈተና

በኦሮሚያ ክልል ተማሪ እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳብንና ሳይንስን የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። 9ኛ ክፍል ሲገባ መጽሐፉም መምህሩም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። ትላንት ያወቀው ክፍልፋይ፣ ማዕዘንና ኃይል ዛሬ በሌላ ስም ይጠራል። የሮቤና የጎባ ተማሪ ይህን ሽግግር የሚያልፈው የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ይዘት ከባድ በሚሆንበት በዚያው ዓመት ነው። በ1997 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት (በተለምዶ «ፕላዝማ») የመምህር እጥረትን ያቃልላል ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ፣ ያውም ሳይቆም ስለሚሄድ ጥያቄ ያለውን ተማሪ አይጠብቅም ነበር።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ በማክበብ የሚሠራ ነው። በቡሬት የለካ፣ በማይክሮስኮፕ ያየ ተማሪ ለዚያ ሥራው ብቻ ነጥብ አያገኝም። ስለዚህ ማንኛውም ትምህርት ቤት፣ ካቶሊክም ይሁን የመንግሥት፣ ጊዜ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያጥፈው የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜን ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄ ማጥናት ብቻውን ውጤት አላመጣም፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

የባሌ ደጋ እንደ ቤተ ሙከራ

ባሌ ቀድሞ በመቂ ሐዋርያዊ ቪካርያት ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የሮቤ ሐዋርያዊ ፕሪፌክቱራ ራሱን ችሎ ተቋቋመ። በዚህ አካባቢ ያለ የማንኛውም ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ከደጃፉ ውጭ ብዙ መሣሪያ ያገኛል፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

መጀመሪያ ከፍታውን እንውሰድ። ሮቤ 2,490 ሜትር ገደማ፣ የባሌ ተራሮች ከፍተኛ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ላይ ናቸው። የአየር ግፊት ሮቤ ላይ ከባሕር ወለሉ 74 በመቶ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ 58 በመቶ ያህል ነው። ውኃ ሮቤ ላይ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ጫፉ ላይ በ85 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላ ሮቤ ላይ ቆላው ደሎ መና ላይ ካለው ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለው ለዚህ ነው፤ እሳቱን ማብዛት የውኃውን ሙቀት አይጨምረውም። አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ማንቆርቆሪያ ለዚህ ሙከራ ይበቃሉ።

ሒሳቡ እዚሁ ውስጥ አለ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይወርዳል። ጎባ (2,740 ሜትር ገደማ) 16 ዲግሪ ቢሆን ቱሉ ዲምቱ 5 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል ማለት ነው፤ ግራፉም ቀጥታ መስመር ነው። ግፊቱ ግን እንዲህ አይደለም። ከባሕር ወለል እስከ ሮቤ 26 ነጥብ ቀነሰ፤ በዚያው ፍጥነት ቢቀጥል እስከ ጫፉ ሌላ 20 ያህል መቀነስ ነበረበት፣ የቀነሰው ግን 16 ነው። መስመሩ ይጎብጣል። ተማሪ መስመራዊና ኤክስፖኔንሻል ፈንክሽንን የሚለይበት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል (ቁጥሮቹን በኤክሴል ላይ ማስቀመጥ ለአይሲቲ ክፍለ ጊዜም ይጠቅማል)።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ደግሞ የባዮሎጂ መጽሐፍ ነው። ኮሶና አስታ ታልፈው ሳነቴ አምባ ላይ ጅብራ ይታያል፤ ከአምባው ወዲያ የሐረና ደን ይጀምራል። አምባው የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ሲሆን ከዋና ምግባቸው አንዱ በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፍ ፍልፈል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 በወይብ ሸለቆ ከውሾች የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ፈጀ። ሁሉንም ይዞ መከተብ አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት የታተመ የሒሳብ ሞዴል እንዳሳየው ሁሉንም መከተብ አያስፈልግም፤ የቀበሮ መንጋዎችን የሚያገናኙትን ጠባብ መተላለፊያዎች ዙሪያ ያሉትን መከተብ ትልቁን ወረርሽኝ ለመግታት ይረዳል። ዲንሾ ላይ ያለው የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ከሮቤ በመኪና ብዙ አያርቅም።