ኅብረ ገጽ፦ የማኒፎልድ ትርጉምና ጥቅም

በሒሳብ ማኒፎልድ የሚባለው በማንኛውም ነጥቡ ዙሪያ ጠጋ ብለው ሲያዩት ቀጥ ያለ መስመር፣ ዝርግ ሜዳ ወይም ከዚያ የበለጠ ልኬት ያለው ቀጥተኛ ኅዋ የሚመስል፣ በጠቅላላው ግን ሊጎብጥና ዞሮ ሊገጥም የሚችል ነገር ነው። እዚህ «ኅብረ ገጽ» እንለዋለን፤ ገጽ የመሬትም የመጽሐፍም ነው፣ ኅብረ ደግሞ እንደ ኅብረ ቀለም የብዙዎችን መገናኘት ይናገራል። ዲፈረንሺያል ማኒፎልድ ካልኩለስ የሚሠራበት ዓይነት ስለሆነ «ለስላሳ ኅብረ ገጽ» ብንለው ይስማማዋል።

ቀላሉ ምሳሌ እንጅባራ አጠገብ ይገኛል። ዘንገና በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ክብ መሰል ሐይቅ ነው። ዳርቻውን ይዞ ለሚሄድ ሰው መንገዱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዳርቻው ባለ 1 ልኬት ኅብረ ገጽ ነው። ከአንድ ድንጋይ ተነሥተን ዙሪያውን ከ0 እስከ 360 ዲግሪ ብንቆጥር ግን ድንጋዩ ራሱ ሁለት ቁጥር ያገኛል፤ በግራና በቀኙ ያሉት ጎረቤት ቦታዎችም 1 እና 359 ተብለው የተራራቁ ይመስላሉ። መፍትሔው ከሌላ ድንጋይ የሚነሣ ሁለተኛ አቆጣጠር መጨመር ነው። አንደኛው የሚቸገርበትን ቦታ ሁለተኛው በትክክል ይይዘዋል።

ሁሉም ቅርጽ ኅብረ ገጽ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ እንጅባራ ላይ ወደ ቻግኒ ይገነጠላል። መገንጠያው ላይ ሦስት አቅጣጫ አለ፤ የቱንም ያህል ቀርበን ብናየው አንድ መስመር አይሆንም። ያቺ ነጥብ ብቻዋን የመንገዶቹን መረብ ከኅብረ ገጽነት ታስወጣዋለች።

ባለ 2 ልኬቱ ምሳሌ የመሬት ገጽ ነው። ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 ስለ ጎባጣ ገጾች ካቀረበው ሥራ እንደምንረዳው፣ ከድቡልቡል ገጽ ላይ ትንሽ ቁራጭ እንኳ ርቀቶቹ ሁሉ ሳይዛቡ ዝርግ ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ካርታ ሠሪዎችም መሬትን ይከፋፍሏታል። ዩቲኤም የተባለው ሥርዓት 6 ዲግሪ ስፋት ባላቸው ቀጠናዎች ይሠራል፤ እንጅባራና ዳንግላ በ37ኛው ውስጥ ናቸው። በቻግኒ አድርጎ ወደ ጉባ የሚወርድ ቀያሽ 36 ዲግሪ ምሥራቅን ሲሻገር ወደ 36ኛው ቀጠና ይገባል። በዚያ ድንበር፣ 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለች አንዲት ነጥብ በ37ኛው ቀጠና የምሥራቅ ቁጥሯ 172,000 ሜትር ገደማ ነው፤ በ36ኛው ግን 828,000 ሜትር ገደማ። ነጥቧ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ የተለወጠው መጠሪያዋ ነው፤ ከአንዱ መጠሪያ ወደ ሌላው የሚያሻግርም ቀመር አለ።

ሒሳቡም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። እያንዳንዱ ክፍል «ሉህ» ይባል፤ ሉሆቹ በአንድነት «አትላስ»፣ ሁለት ሉሆች በሚደራረቡበት ቦታ የሚያገናኛቸው ቀመር ደግሞ «መሸጋገሪያ»። መሸጋገሪያዎቹ ሁሉ በሁለቱም አቅጣጫ የፈለግነውን ያህል ጊዜ ዴሪቬቲቭ የሚወሰድባቸው ከሆኑ ኅብረ ገጹ ለስላሳ ነው። የዚህ ቅድመ ሁኔታ ፍሬ ትልቅ ነው። የከፍታ ዴሪቬቲቭ በአንድ ሉህ ላይ ዜሮ የሆነበት የኮረብታ ጫፍ በሌላውም ሉህ ላይ ዜሮ ይሆናል። ጫፍነቱ የኮረብታው እንጂ የወረቀቱ አይደለም ማለት ነው።

ለሐሳቡ መሠረት የጣለው በርንሃርድ ሪማን ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1854 በጎቲንገን ባቀረበው ትምህርታዊ ንግግር፣ ማንኛውም ያህል ልኬት ያለው ገጽ ከውጭ የሚከበው ኅዋ ሳያስፈልገው ከውስጡ ሊለካ እንደሚችል አሳየ። አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 የስበት ንድፈ ሐሳቡን የጻፈው በዚህ ጂኦሜትሪ ነው፤ ቦታና ጊዜ በአንድ ላይ ባለ 4 ልኬት ኅብረ ገጽ ናቸው፣ ስበትም ጉብጠቱ ነው።

ጥቅሙ በዚህ አያበቃም። ሁለት መጋጠሚያዎቹ ሙሉ ዙር የሚዞሩ የሮቦት ክንድ ያለበት ሁኔታ በሁለት ማዕዘኖች ይገለጻል፤ ሁኔታዎቹ ሁሉ ሲሰበሰቡ የተነፋ ጎማ ገጽ የሚመስል ኅብረ ገጽ ይሠራሉ። የክንዱን እንቅስቃሴ ማቀድ በዚያ ገጽ ላይ መንገድ መፈለግ ነው። በንጹሕ ሒሳብ በኩል ጆን ሚልኖር እ.ኤ.አ. በ1956 አስገራሚ ነገር አገኘ፦ በቅርጽ ከባለ 7 ልኬቱ ሉል ጋር አንድ የሆኑ፣ ካልኩለሳቸው ግን ከእርሱ ጋር የማይጣጣም ኅብረ ገጾች አሉ። ስለዚህ ለስላሳነት ከቅርጽ በላይ የሆነ ተጨማሪ መረጃ ነው።

ይህን ትምህርት ለሚጀምር ተማሪ ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው አንድ ልማድ ነው። አዲስ ቀመር ባጋጠመው ቁጥር ሉሁ ቢቀየር ውጤቱ ይጸና እንደሆነ ይጠይቅ። የሚጸናው ስለ ኅብረ ገጹ የተነገረ እውነት ነው፤ የማይጸናው ግን ስለ አቆጣጠራችን ብቻ የሚናገር ነው።