ከዱካ ወደ ቁጥር፦ የህንድ ታይገሮች ቆጠራ ታሪክ

መለኪያው ራሱ ካልተፈተነ የሚሰጠው ቁጥር እንደማይታመን በሙያችን የታወቀ ነው። ይህን መዘንጋት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለመረዳት የህንድን የታይገር ቆጠራ ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታይገር እንደ ሌሎቹ የድመት ዘሮች ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ በዱካው ላይ የጥፍር ምልክት አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፤ የውሻና የጅብ ዱካ ግን ያሳያል። ስለዚህ ልምድ ያለው አዳኝ አውሬውን ሳያይ ዘሩን ይለያል። ህንዳዊው የደን ባለሙያ ሳሮጅ ራጅ ቾውድሪ በ1966 ይህን ነባር ዕውቀት ወደ ቆጠራ ዘዴ ለወጡት። የደን ጠባቂው በዱካው ላይ መስተዋት አኑሮ የግራ የኋላ እግሩን ቅርጽ ይነድፋል፤ ርዝመቱና ስፋቱ የተቀራረበው የወንድ፣ ሞላላው የሴት ተብሎ ይመደባል። ዘዴው የቆመው እያንዳንዱ ታይገር በዱካው ተለይቶ ይታወቃል በሚል እምነት ላይ ነበር። በ1972 በተካሄደው አገር አቀፍ ቆጠራ 1,827 ታይገሮች ተመዘገቡ፤ በ1973ም «ፕሮጀክት ታይገር» የተባለው የጥበቃ ዕቅድ ተጀመረ።

ይሁን እንጂ የአንዱ እግር ዱካ በጭቃ፣ በአቧራና በዳገት ላይ አንድ ዓይነት አይሆንም። ኡላስ ካራንትን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ይህን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቢያሳስቡም ቆጠራው በነበረበት ቀጠለ። ቆጣሪውም አውሬውን እንዲጠብቅ ኃላፊነት የተሰጠው ክፍል ራሱ ነበር። በራጃስታን በሚገኘው የሳሪስካ ጥብቅ ክልል በ2004 ከ15 የሚበልጡ ታይገሮች እንዳሉ በይፋ ተመዝግቦ ሳለ፣ በ2005 በተደረገው ምርመራ አንድም አልተገኘም፤ በሕገ ወጥ አደን አልቀው ነበር።

ከ2006 ጀምሮ በጫካ የሚተከሉ ካሜራዎች ተተኩ፤ የታይገር ቆዳ ሸንተረር እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያልና። በ2008 ይፋ የሆነው ግምት 1,411 ሲሆን፣ በዱካ የተገኘው የ2001–2002 ቁጥር ግን 3,642 ነበር። ሁለቱ በተለያየ ዘዴ የተገኙ ስለሆኑ፣ ከልዩነቱ ምን ያህሉ የአውሬው እልቂት፣ ምን ያህሉ የመለኪያው ስህተት እንደሆነ በመቀነስ ብቻ ማወቅ አይቻልም። የጠፋው አውሬው ብቻ ሳይሆን የሠላሳ ዓመት መዝገብ ጭምር ነው።

ዱካ ዛሬም አልተጣለም፤ ታይገር የሚኖርበትን ሥፍራ ለማወቅ በቅድመ ጥናት ይመዘገባል። መኖሩን ይመሰክራል፤ ብዛቱን ግን ብቻውን አይናገርም። እኛም ቁጥር ስንመዘግብ የተገኘበትን ዘዴና የስህተቱን መጠን አብረን ልንጽፍ ይገባል።