የነጭ ሳር ነዋሪዎች፦ የፓርክ ወሰንና የመኖሪያ መብት

የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ከአርባ ምንጭ ከተማ ግርጌ ተነሥቶ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ወደ ምሥራቅ ይዘረጋል። ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለከተማዋ ስያሜ መነሻ የሆኑት ምንጮች፣ የከርሰ ምድር ውሃ የሚያለመልመው ጥቅጥቅ ደን፣ ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው የእግዜር ድልድይ እና ፓርኩ ስሙን ያገኘበት ሰፊ የሣር ሜዳ ሁሉም በፓርኩ ውስጥ ናቸው። ሜዳው ከፓርኩ ምሥረታ በፊትም ሰው ነበረበት። የጉጂ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ያሰማሩበት ነበር፤ ከአማሮ ተራሮች የወረዱ ኮሬዎች ደግሞ በምሥራቁ በኩል የሰርመሌን ወንዝ ተከትለው ያርሱ ነበር።

አካባቢው እንዲጠበቅ የታሰበው በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሆን ዋናው ምክንያት የስዌይን ቆርኬ የተባለው በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ የዱር እንስሳ እየተመናመነ መምጣቱ ነበር። ፓርኩ በ1966 ዓ.ም. ተቋቋመ። በዚያው ዘመን የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ ወርዶ ስለነበር፣ ሴቻና ሲቀላ በተባሉት ሁለት ሰፈሮቿ የምታድገው አዲስ ከተማ የፓርኩ የቅርብ ጎረቤት ሆነች።

ፓርኩ የተከለለበት አስተሳሰብ ከውጭ የመጣ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1872 የሎውስቶንን ከከለለች በኋላ ብሔራዊ ፓርክ ማለት ሰው የማይኖርበት ምድር ነው የሚለው አመለካከት በብዙ አገሮች ሥር ሰደደ። በታንጋኒካ የማሳይ አርብቶ አደሮች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከሰሬንጌቲ እንዲወጡ የተደረገው በዚሁ መንገድ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ገበሬውን ከባላባት ጭሰኝነት ቢያላቅቀውም፣ የመሬቱን የመጨረሻ ውሳኔ በመንግሥት እጅ አኖረ። በነጭ ሳር ለትውልድ የኖረ ሰው የሚያሳየው የይዞታ ወረቀት አልነበረውም፤ የፓርኩ ወሰን በካርታ ላይ ሲሰመር ግን ሕገ ወጥ ሰፋሪ ተባለ።

የመጀመሪያው ትልቅ ማፈናቀል የተካሄደው በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ነዋሪዎቹ በመሣሪያ ተገደው ከፓርኩ ወጡ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ የጥበቃው መዋቅርም አብሮ ላላ፤ ጉጂዎችና ኮሬዎች ወደ ቀድሞ ግጦሻቸውና እርሻቸው ተመለሱ።

ሁለተኛው ማፈናቀል የመጣው ፓርኩ ለውጭ ድርጅት ሊተላለፍ ሲል ነው። መንግሥት በ1996 ዓ.ም. አፍሪካን ፓርክስ ከተባለው፣ በወቅቱ መቀመጫውን ኔዘርላንድስ ካደረገ ድርጅት ጋር የአስተዳደር ውል ተፈራረመ። ከርክክቡ በፊት ነዋሪዎችን የማስነሣቱ ሥራ ተጀመረ። 1,000 ያህል የኮሬ አባወራዎች ከፓርኩ በስተ ደቡብ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ከጉጂዎች ጋር ግን ስምምነት አልተደረሰም፤ የሚሰጣቸው ምትክ ቦታ በኦሮሚያ በኩል ስለነበር ጉዳዩ የሁለት ክልሎች ጥያቄም ሆነ። ሪፊዩጂስ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት በወቅቱ እንደዘገበው ኅዳር 16 ቀን 1997 ዓ.ም. የፓርክ ሠራተኞችና የአካባቢው ፖሊሶች 463 የጉጂ ቤቶችን አቃጠሉ።

የነዋሪዎቹ ተቃውሞ በአደባባይ ሰልፍ የሚገለጽ አልነበረም። ዋናው መሣሪያቸው ስፍራውን አለመልቀቅ ነበር። የአርብቶ አደሩ ቤት ከአካባቢው እንጨትና ሣር የሚሠራ ስለሆነ ጎጆው ቢቃጠል በዚያው ቁሳቁስ መልሶ ይቆማል። ከጎጆው ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ግን በሌላ ቦታ አይተካም፦ ከብቱ የሚያውቀው የውሃ መንገድ፣ የበጋ ግጦሽ፣ የአያት የቅድመ አያት መቃብር። ጉጂዎች ከቃጠሎው በኋላም በፓርኩ ውስጥ ኖሩ። በደላቸውን ለጋዜጠኞችና ለመብት ተሟጋቾች በመንገራቸውም ጉዳዩ ከአርባ ምንጭ አልፎ በዓለም አቀፍ መድረክ ተሰማ።

አፍሪካን ፓርክስ ማስነሣቱ የመንግሥት ሥራ እንጂ የራሱ እንዳልሆነ ቢገልጽም፣ ሰዎቹ እንዲወጡ በተፈለገበት ፓርክ ላይ ውል መያዙ ከባድ ወቀሳ አስከተለበት። በኋላ ጉጂዎች በፓርኩ የተወሰነ ክፍል እንዲኖሩና ሌላው ለዱር እንስሳት እንዲተው የቀረበው ሐሳብ በመንግሥት ዘንድ አልጸደቀም። ድርጅቱም በ2000 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ እንደሚወጣ አስታወቀ።

ይህ ሁሉ የሆነው ማፈናቀልን የሚገድብ ሕግ በሥራ ላይ እያለ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ለገበሬዎች ከይዞታቸው ያለመነቀል፣ ለአርብቶ አደሮች ደግሞ ከመሬታቸው ያለመፈናቀል ዋስትና ሰጥቷል። አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ወይም አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መኖሪያ ቤትም በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለሁሉም እንዲዳረስ ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ ነው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን በቂ መኖሪያን እንደ መብት ያውቃል። የቃል ኪዳኑ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ማብራሪያ ማስነሣት የማይቀር ቢሆን እንኳ ምክክርና በቂ ማስጠንቀቂያ እንዲቀድመው፣ ማንንም ያለ መጠለያ እንዳያስቀር አሳስቧል። ጥበቃው የይዞታ ማረጋገጫ ላለው ብቻ የተወሰነ አይደለም። በሰው ቤት ላይ እሳት መለኮስን የሚፈቅድ ድንጋጌ ከእነዚህ በአንዱም የለም።

ማፈናቀሉ ለዱር እንስሳቱም አልበጀም። ፓርኩ የተከለለለት ቆርኬ ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ ጥቂት ብቻ ቀረ። ለዚህ የከብት ግጦሽና እርሻ ድርሻ አላቸው፤ ግን ጫናው ከአርብቶ አደሩ ብቻ የመጣ አይደለም። ከአርባ ምንጭ ዳር ያለው ደን ለከተማዋ ማገዶ ይቆረጣል፤ እንጨት ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወጡ ሴቶች በሲቀላ መንገድ የዕለት ተዕለት እይታ ናቸው። በጫሞ ሐይቅም ከአቅም በላይ ዓሣ ይጠመዳል። ከ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማሮ አካባቢ የተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ሰው ከቀዬው ከማፈናቀሉም በላይ የፓርኩን ጥበቃ አዳክሟል።

የነጭ ሳር ታሪክ እንደሚያሳየው ያለ ስምምነትና ያለ በቂ ምትክ የተነሣ ሰው ጥበቃው በላላ ጊዜ ይመለሳል፤ ሲመለስም ፓርኩን የሚያየው ቤቱን እንደነጠቀው ባላንጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በደርባን የተካሄደው የዓለም ፓርኮች ጉባኤ ጥበቃ የነባር ነዋሪዎችን መብት እንዲያከብርና ከጥቅሙ እንዲያካፍላቸው ጥሪ ያቀረበው ከተመሳሳይ ልምድ ተነሥቶ ነው። የጉጂዎቹ ቤቶች የተቃጠሉት ጥሪው ከተላለፈ ከአንድ ዓመት ጥቂት በኋላ ነበር። ፓርኩና ነዋሪው አብረው እንዲዘልቁ ወሰኑ ከነዋሪው ጋር ተመክሮበት መሰመር፣ የግጦሹ መጠንና ጊዜ በጋራ መወሰን፣ ከቱሪስት የሚገኘው ገቢም ለነዋሪው መድረስ አለበት። መነሣት ግድ ሲሆንም ውሃና እርሻ ያለው ምትክ ቦታ አስቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል።