አድሚራል ጆርጅ አንሰንና የባሕረኞቹ በሽታ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1744 ሠላሳ ሁለት ጋሪ ሙሉ ብር በለንደን ጎዳናዎች በሰልፍ ሲያልፍ ሕዝቡ በደስታ ጩኸት ተቀበለው። ሀብቱን ከስፔናውያን መርከብ ማርኮ፣ ዓለምንም ዞሮ የተመለሰው ኮሞዶር ጆርጅ አንሰን የአገር ጀግና ተባለ። ከአራት ዓመት በፊት አብረውት ከተነሡት ወደ 1,900 ከሚጠጉ ሰዎች መካከል ግን ከአንድ ሺህ የሚበልጡት በበሽታ አልቀዋል። በጠላት እጅ የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

አንሰን በ1697 በስታፎርድሻየር የተወለደ ሲሆን፣ ገና በልጅነቱ በ1712 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አባል ሆነ። ዝምተኛና ታጋሽ መኮንን እንደ ነበር ይነገርለታል። በ1740 ስድስት የጦር መርከቦችና ሁለት ስንቅ ጫኞች ተሰጥተውት በሰላማዊ ውቅያኖስ የስፔንን ይዞታዎች እንዲወጋ ታዘዘ። እግረኛ ወታደር ስላልተገኘ ከቼልሲ ሆስፒታል 500 ጡረተኞች እንዲሰጡት ተወሰነ። ለመራመድ አቅም የነበራቸው ጠፍተው አመለጡ፤ በመርከቡ የተሳፈሩት 259 ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ከስድሳ ዓመት በላይ፣ አንዳንዶቹም ከሰባ በላይ ነበሩ። እነዚህን ሰዎች ወደ ኬፕ ሆርን መስደድ ገና ከወደቡ ሳይነሡ ሞት መፍረድ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1741 የጸደይ ወራት መርከቦቹ በኬፕ ሆርን ማዕበል ሲንገላቱ ስከርቪ ተነሣ። ድድ አብጦ ይደማል፤ በቆዳ ላይ የደም ነጠብጣብ ይወጣል፤ የተኛው በሽተኛ ከአልጋው ለመነሣት ሲሞክር በድንገት ይሞታል። የጉዞው ታሪክ መዝግቦ ካቆያቸው ሁሉ ለሐኪም እጅግ የሚያስደንቀው የአንድ አዛውንት ሁኔታ ነው። ይህ ሰው በ1690 በቦይን ጦርነት ቆስሎ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የዳነው ቁስሉ ፈጽሞ ያልጠገገ ይመስል እንደገና ተከፈተ፤ ተሰብሮ ገጥሞ የነበረውም አጥንቱ ተላቀቀ። ዛሬ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠባሳ የሞተ ነገር አይደለም፤ በውስጡ ያለው ኮላጅን ሳያቋርጥ ይፈርሳል፣ ይታደሳልም። ጽኑ ኮላጅን ለመሥራት ቫይታሚን ሲ የግድ ስለሚያስፈልግ፣ እርሱ ሲጠፋ መፍረሱ ይቀጥላል፤ መታደሱ ግን ይቆማል።

ሴንቱሪየን፣ ግሎስተርና ትራያል የተባሉት ሦስት መርከቦች ከእንግሊዝ ሲነሡ 961 ሰዎች ነበሯቸው። በሁዋን ፈርናንዴዝ ደሴት አርፈው ሲነሡ የቀሩት 335 ነበሩ። በሴንቱሪየን ከነበሩት 50 ጡረተኞች የተረፉት አራት ብቻ ሲሆኑ፣ በግሎስተር ከነበሩት አንድም አልተረፈም። በደሴቱ ላይ የተገኘውን ትኩስ ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር የበሉት በሽተኞች ግን አገገሙ።

አንሰን ከዚህ ምን ተማረ? በ1742 ሰላማዊ ውቅያኖስን ሲያቋርጥ አሳማና ዶሮ፣ በቂ የዝናብ ውኃም ነበረው፤ መርከቡም ይጸዳና አየር እንዲገባበት ይደረግ ነበር። በዚያን ጊዜ እምነት ትኩስ ምግብ፣ ንጹሕ ውኃና ንጽሕና ስከርቪን ይከላከሉ ነበርና በሽታው እንደገና ሲነሣ መኮንኖቹ ግራ ተጋቡ። ሥጋው የጎደላቸውን ነገር በበቂ መጠን እንደማይሰጥ ማወቅ አይችሉም ነበር። ስለዚህ በሽታው ከባሕር አየር የሚመጣ፣ በየብስ አየር የሚድን ነው ወደሚል አስተሳሰብ አዘነበሉ። በነሐሴ ወር ቲንያን ደሴት ደርሰው በሽተኞቹ ብርቱካንና ሎሚ በልተው በጥቂት ቀናት ሲድኑ፣ ምስጋናውን ከፍሬው ጋር የየብሱ አየር ተካፈለው። አስተሳሰባቸው ስንፍና አልነበረም፤ ምግቡና የብሱ ሁልጊዜ አብረው ስለሚመጡ አንዱን ከሌላው የሚለይ ፈተና ያስፈልግ ነበር።

ያንን ፈተና በ1747 ሳልዝበሪ በተባለ መርከብ ላይ ያካሄደው ሐኪሙ ጄምስ ሊንድ ነው። አሥራ ሁለት በሽተኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ልዩ ልዩ ሕክምና ሞከረ፤ ሁሉም በዚያው ባሕር፣ በዚያው አየር ነበሩ። በቀን ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ከሌሎቹ ቀድመው ተሻላቸው። ሊንድ በ1753 ያሳተመውን መጽሐፍ መታሰቢያነት የሰጠው ከ1751 ጀምሮ የባሕር ኃይሉ የበላይ ሹም ለነበረው ለሎርድ አንሰን ነው። አንድ ሺህ ሰው በስከርቪ የቀበረ፣ ሥልጣኑንም በእጁ የያዘ ሌላ እንዲህ ያለ አንባቢ ሊገኝ አይችልም ነበር።

ሆኖም የሎሚ ጭማቂ ለመርከቦቹ ሁሉ አልታዘዘም። ለዚህ አንሰንን ብቻ መውቀስ አይገባም። ሊንድ ራሱ በሽታው አንድ መንስኤ ብቻ አለው አላለም፤ ጭማቂው እንዲቆይ በሙቀት አወፍሮ ማስቀመጥን መከረ፤ ይህም ኃይሉን የሚቀንስ ነበር። በአንሰን ዘመን የተሠራም መልካም ነገር አለ። ሊንድ በ1758 የሃስላር ሆስፒታል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በ1759 ብሬስትን ለከበቡት መርከቦች ከብትና አትክልት ከእንግሊዝ ይላክ ስለ ነበር ባሕረኞቹ ለወራት በጤና ቆዩ። አንሰን በ1762 ሞተ። የሎሚ ጭማቂ በጊልበርት ብሌን ጥረት የታዘዘው በ1795 ሲሆን፣ ሊንድም ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሞቶ ነበር።

በሽታው ከሸራ መርከቦች ጋር አብሮ አልጠፋም። በ1980ዎቹ ዓመታት በሶማሊያና በሱዳን በነበሩ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች መጠለያዎች ስከርቪ በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። ይታደል የነበረው ቀለብ በአመዛኙ እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነበር።