ቶማቲዮ

ቶማቲዮ (ፊሳሊስ ፊላዴልፊካ) ከቲማቲምና ከድንች ቤተሰብ የሚመደብ፣ መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ የሆነ ተክልና ፍሬው ነው። አረንጓዴው ፍሬ ወረቀት በመሰለ ሽፋን ተጠቅልሎ ያድጋል፤ ጣዕሙ ኮምጠጥ ይላል።

አዘገጃጀት፦ ሽፋኑ ተልጦ የሚያጣብቀው ገጽ በለብ ባለ ውሃ ይታጠባል። ሳልሳ ቬርዴ ለተባለው የሜክሲኮ ማባያ ፍሬው ይቀቀላል፣ ወይም በምጣድ ጠቆር እስኪል ይጠበሳል፤ ከዚያም ከቃሪያ፣ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከድንብላል ቅጠል ጋር ይፈጫል።

በፍሪዘር ማቆየት፦ አስቀድሞ መቀቀል አያስፈልግም። ታጥቦ የደረቀው ፍሬ ሳይደራረብ በትሪ ተዘርግቶ በረዶ ከሠራ በኋላ፣ አየሩ በወጣለት ከረጢት ይታሸጋል። ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ሴልሺየስ ለወራት ይቆያል። በረዶው ሲለቀው ስለሚልፈሰፈስ ለሰላጣ አይሆንም፤ ለወጥና ለማባያ ግን በረዶው ሳይለቀው ወደ ድስት ይገባል።