ከኡኡታ እስከ 102

ጎንደር ሳለን እሳት አደጋ የሚባል መሥሪያ ቤት አናውቅም። የኛ እሳት አደጋ ኡኡታ ነበር። አንዲት ሴት ኡኡ ካለች ከማሳውም፣ ከወንዙም ሁሉም ይሮጣል። የቤተ እስራኤል መንደር ለመንጻት ሲባል ወንዝ አጠገብ ስለሚመሠረት ውሃ ቅርብ ነው። ግን የሣር ክዳን አንዴ ከተያያዘ ውሃ አይመልሰውም፤ ጎልማሶቹ የሚነደውን ጎጆ ትተው በእርጥብ ቅጠል የጎረቤቱን ያድናሉ። ሕጋችንም ይረዳን ነበር፤ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃው ይጠፋል፣ ሰንበትን ቀዝቃዛ እንበላለን።

በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሆነን ገባን። እኔና ልጆቼ የደረሰን ቤር ሼባ ዳር፣ ናሃል ቤካ የካራቫን ሰፈር ነው። ካራቫን ግድግዳው ስስ ነው፤ የነጌቭ የክረምት ሌሊት ደግሞ ይቆረጥማል። ሁሉም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሰካል።

አንድ ማታ የጎረቤቴ ማሞቂያ ብርድ ልብሷን አያያዘው። እኔ እንዳገሬ ኡኡ አልኩ። ሰው ባልዲ ይዞ ግልብጥ ብሎ መጣ። አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን፣ “ውሃ አትድፉ! ኤሌክትሪክ ነው!” ብሎ ጮኸ። ትምህርት ቤት ተምሮት ኖሯል። ሽማግሌዎቹ “ዝም በል!” ብለው ተቆጡት። እሱ ሮጦ መብራቱን ከዋናው አጠፋ፣ ከዚያ ወደ ሕዝብ ስልኩ ሄዶ 102 ደወለ። እኛ ጎረቤቴን በመስኮት ጎትተን አወጣናት። እሳት አደጋዎቹ ሲደርሱ ካራቫኑ አልቋል፤ እሷ ግን ተርፋለች።

ያን ጊዜ እሳት አደጋ በየአካባቢው ለብቻው የሚተዳደር ነበር። በ2010 መጨረሻ የቀርሜሎስ ተራራ ሲነድ 44 ሰዎች ሞቱ፤ አገሪቱም በተራዋ ኡኡ ብላ ከቱርክ፣ ከግሪክ፣ ከሩሲያ አውሮፕላን መጣላት። በ2012 በወጣው ሕግ አገልግሎቱ በአንድ አገራዊ ባለሥልጣን ሥር ሆነ።

ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነኝ። ልጆቼ የሰንበት ምግብ ማሞቂያ ፕላታ ገዝተውልኛል። ሌሊቱን ሙሉ ሲግል እንቅልፍ ስለማይወስደኝ፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነቅዬው እንደ እናቴ ቀዝቃዛውን እበላለሁ። ለእኩዮቼ የምለው ይኼን ነው፦ የመስኮታችሁ ብረት የሚከፈት ይሁን፣ ቁልፉንም አጠገቡ ስቀሉት። እሳት ከተነሳ መጀመሪያ ውጡ። ከዚያ ኡኡ በሉ፣ 102 ደውሉ። ልጅ ሲናገርም ስሙት።